በፔርሙስ የሄደችው ላም

ጋዜጠኛን የሚያደክመው ሩጫው አይመስለኝም፤ መጠበቁ ነው። ስብሰባ እስኪጀመር ትጠብቃለህ፤ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ኃላፊው እስኪወጣ ትጠብቃለህ። መንገድ እስኪከፈት፣ ኔትወርክ እስኪመለስ ትጠብቃለህ። ወልቂጤ ተቀምጬ ዜና እየላክሁ በኖርኩባቸው ዓመታት ብዙ ነገር ጠብቄያለሁ። ላም እስክትወልድ የጠበቅኩት ግን አንዴ ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። አዲስ አበባ ያለው አዘጋጅ ወልቂጤ ዳር ስለተከፈተች አንዲት ትንሽ ላብራቶሪ ሰምቷል። የላም እንቁላል ከላሟ አካል ውጭ ከኮርማ ዘር ጋር ታገናኛለች፤ የተገኘውን ሽል ታሳድግና በሌላ ላም ማህጸን ታስቀምጣለች።

«የመጀመሪያዋ ጥጃ ስትወለድ እዚያ እንድትገኝ» አለኝ።

«መቼ ነው የምትወለደው?»

«እሱን አንተ ታጣራለህ።»

ሄጄ አጣራሁ። ላብራቶሪዋ ሁለት ክፍል ናት። ቀድሞ የመኖ መጋዘን ስለነበረች ዝናብ ሲመጣ ፉርሽካ ፉርሽካ ትሸታለች። አንዱ ክፍል ውስጥ ማይክሮስኮፕ፣ ሽሎቹ የሚያድጉበት የሙቀት ሣጥንና ጢስ የሚተፋ የናይትሮጅን ጋን አለ። ሥራውን የያዘችው ሠላሳዎቹን ያጋመሰች የእንስሳት ሐኪም ናት። አገሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላታል፤ እኔም እንደዚያው እላታለሁ።

ስለ ጥጃ ስጠይቃት ሳቀች። ጥጃ የለም። ያለው ልፋት ነው። ከቄራ የታረዱ ላሞችን የእንቁላል ከረጢት በሞቀ ጨዋማ ውሃ ውስጥ አድርጋ በፔርሙስ ታመጣለች። ከከረጢቱ በመርፌ እንቁላሎቹን ትቀዳለች። እንቁላሎቹ ከኮርማ ዘር ጋር ከተገናኙ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ሙቀቱ ሳይዋዥቅ ማደግ አለባቸው። መብራት ደግሞ ይጠፋል። ጄኔሬተሩ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም።

«ሰው ወልዶ ነው እንቅልፍ የሚያጣው» አለችኝ። «እኔ ሳልወልድ አጣሁት።»

ፊቷ ላይ ያየሁት ድካም የእኔን ይመስል ነበር። ለዚህ ይሆናል ከዚያ ወዲህ ለሥራ ወደ ገጠር በወጣች ቁጥር መኪናዋ ውስጥ ቦታ የማላጣው።

አንድ ጠዋት የተራራውን መንገድ ይዘን ወደ ቡታጅራ ሄድን። ላሞቻቸውን ለሽል ተቀባይነት ሊሰጡ ለሚያስቡ ገበሬዎች ልታስረዳ ነበር። ከተማዋ ልንገባ ስንቃረብ የቀበሌው የእንስሳት ባለሙያ ደወለላት። ከተማው ጫፍ ላይ አንዲት ላም ለመንገድ ሥራ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ወድቃለች፤ ብትደርሺላት ይላል።

ስንደርስ ላሟን በገመድና በእንጨት ጎትተው አውጥተዋታል። ጥቁርና ነጭ ቡሬ ናት፤ የፈረንጅ ዘር ያላት ድቅል። ዶክተሯ የኋላ እግሯን ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች። ባለላሟ በአርባዎቹ መጀመሪያ ያለች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን በዚህች ላም ወተት እንዳሳደገች ከጎኔ የቆመ ሰው ነገረኝ። አላለቀሰችም። የላሟን ጆሮ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

«ትድናለች ዶክተር?»

«አትድንም እህቴ። ሳትሞት ትታረድ።»

«እሺ» አለች። ጆሮዋን አልለቀቀችም። «ሴት አልወለደችልኝም እኮ። ወንድ፣ ወንድ፣ ሁሌ ወንድ። አንዲት ሴት እስክትሰጠኝ ነበር የምጠብቀው። እንዲህ ያለች ላም ከየት አገኛለሁ? ዘሯ በቃ ሊቀር ነው?»

ዶክተሯ ላሟን እንደገና ዞራ አየቻት። ቃል መግባት እንደማትወድ በዚያን ጊዜ አውቄያለሁ።

«ላይቀር ይችላል» አለች በመጨረሻ። «እንቁላሏን ልውሰድ። ከተሳካ ሴት ጥጃ ትሆናለች፤ ሴት የሚያስወልደው ተለይቶ የተዘጋጀ የኮርማ ዘር አለኝ። የምታረግዝልን ሌላ ላም አለሽ?»

«አንዲት ቀይ አለችኝ። ያገር ላም ናት።»

«ትበቃለች። ግን ላይሳካ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይሳካም። ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ። ውሰጂ።»

ላሟ ታረደች። ዶክተሯ እጅጌዋን ሰብስባ በሥጋ ቆራጩ አጠገብ ተንበርክካ የምትፈልገውን አወጣችና ፔርሙሱን ከፈተች። ሥጋ ቆራጩ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው።

«ዶክተር፣ ሻይ ይዘሽልን መጣሽ ብዬ!»

«ጥፋ ከዚህ» አለችው ሳትስቅ።

«እዩልኝ ጎበዝ፣ ይቺ ሴት ላሚቱን በፔርሙስ ከታ ልትሄድ ነው! ቀንዷስ? ቀንዷ ይገባልሻል?»

ሰዉ ሳቀ። ባለላሟም ፈገግ አለች። ገበሬዎቹን ለሌላ ቀን ቀጠርናቸውና የመጣንበትን ተራራ ወዲያው ተመለስን። እኔ ፔርሙሱን በዶክተሯ ነጠላ ጠቅልዬ በጉልበቶቼ መካከል ይዤ ነበር። መንገዱ ቀጥ ብሎ ሲወርድ «ቀስ» እላታለሁ፤ እሷ ደግሞ «ይቀዘቅዛል» ትለኛለች።

ከተቀዱት እንቁላሎች ብዙዎቹ ባዶ ቀሩ። ጥቂቶቹ ማደግ ጀምረው ቆሙ። ደህና ሆና የቀረችው አንዲት ሽል ብቻ ናት። በማይክሮስኮፑ እንዳያት ጠራችኝ። የሳሙና አረፋ የመሰለች ክብ ነገር አየሁ፤ ከዚያ በላይ አየሁ ብል እዋሻለሁ። ዶክተሯ ሽሏን በቀጭን ቱቦ ውስጥ አድርጋ አቀዘቀዘቻትና ናይትሮጅኑ ውስጥ አስቀመጠቻት። ተቀባይዋ ላም እስክትዘጋጅ እዚያ ትቆያለች።

ቡታጅራ ተመልሰን ቀይዋን ላም ዶክተሯ መርፌ ወጋቻት። ለባለላሟም አስረዳቻት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ላሟ ኮርማ ትፈልጋለች፣ ትጮኻለች። ያን ቀን ባለላሟ ትደውላለች። ላሟን ወደ ኮርማ አትወስዳትም። ከዚያ ሳምንት ቆጥረን ሽሏን እናስቀምጣለን። ባለላሟ ቃል በቃል ደገመችው።

ሆኖም የሚሆነው አይታወቅም። ቆሼ ከተማ ያለች አክስቷ አረፈችና መርዶው በመጣ ሰዓት ተነስታ ሄደች። እየወጣች በአጥሩ በኩል ለአንድ ሽማግሌ ጎረቤቷ «ላሚቱን አደራ፣ ኮርማ ስትፈልግ ለዶክተሯ ይደውሉላት» አለቻቸው። ቁጥሩን ሰጠቻቸው። ሦስተኛውን ነገር፣ ወደ ኮርማ አይውሰዷት የሚለውን፣ አላለችም። ነጠላዋን እንኳ ገልብጣ ነበር የለበሰችው።

ሽማግሌው ሲደውሉ ዶክተሯና እኔ ጉብሬ ምሳ ላይ ነበርን። እጇን ወጥ ነክቶት ስለነበረ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈተችው።

«አሰላሙ አለይኩም። ዶክተር ነሽ?»

«ወአለይኩም ሰላም አባባ። ነኝ።»

«ላሚቱ ፈልጋለች።»

«መቼ ጀመራት?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ገና ጀንበር ስትወጣ። ሰፈሩን በጩኸት ቀስቅሳው የለም እንዴ!»

«በደንብ አይተዋታል አባባ? እርግጠኛ ነዎት?»

«ኧረ ልጄ! እኔን ስለ ላም ትጠይቂኛለሽ? የሚደረገውን ሁሉ አድርጌያለሁ። አንቺ ምንም አታስቢ።»

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ።»

«አሚን። ባለቤቷ ስትመጣ አደራዋን ታገኛለች።»

ዶክተሯ ስልኩን በክርኗ ዘጋችው። ሁለታችንም ወደ ሽሯችን ተመለስን።

ሽሏ የገባችው ዓርብ ቀትር ላይ ነው። ሽማግሌው ጁምዓ ስለነበሩ አላገኘናቸውም። ባለላሟ ከለቅሶ ተመልሳ የላሟን ገመድ ይዛለች። ዶክተሯ ቱቦዋን ከጋኑ አወጣች፤ በለብታ ውሃ በረዶዋን አቀለጠች፤ በረጅም ብረት ጫፍ ላይ አድርጋ እስከ ማህጸኑ አደረሰቻት። ብዙም ጊዜ አልወሰደም። ባለላሟ «ይሄው ነው?» አለች። «ይሄው ነው» አለች ዶክተሯ። እኔም ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው ላይ የሚታየው የላም ጭራ ነው።

ላሟ ማርገዝ አለማርገዟ የሚታይበት ቀን ሲደርስ ተመልሰን ሄድን። ዶክተሯ በእጅ የምትያዝ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ነበረቻት። የመሣሪያዋን ትንሽ መስኮት ረጅም ጊዜ አየች። እንደገና ሌላ ጎን አየች። ፊቷ አልተለወጠም። በዚህ መሃል ሽማግሌው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ጥርሳቸውን እየፋቁ ነው።

«ምን ትላለች?»

«አርግዛለች አባባ» አለች ዶክተሯ።

«ታዲያስ! አላልኩም? የወንድሜ ልጅ ኮርማ እኮ ነው! አንድ ጊዜ ነው ያገናኘኋቸው። አንድ ጊዜ ብቻ!»

ባለላሟ ገመዱን እንደያዘች ወደ ዶክተሯ ዞረች።

«ኮርማ ጋ ወስደዋት ነበር አባባ?» አለች ዶክተሯ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር።

«እንዴታ! አደራ ተቀብዬ! ላም እየጮኸችብኝ በሬን ዘግቼ ልቀመጥ? እሷ ለቅሶ ሄዳ የላሚቱ ጊዜ ቢያልፍ ነገ በምን ዓይኔ አያታለሁ? በዚህ ጉልበቴ ወንዝ አሻግሬ ነው የወሰድኳት።»

ዶክተሯ መሣሪያዋን ጠረገች።

«ደግ አደረጉ» አለች።

መኪና ውስጥ ገብተን ጥቂት እንደሄድን ነገረችኝ።

«ሁለት ናቸው።»

«መንታ?»

«አንዷ የኛዋ ናት ብዬ አስባለሁ። ሌላው የኮርማው ነው። ቀለማቸው ይለይልናል፤ ኮርማውም ላሟም ቀይ ናቸው። የኛዋ ሴት ናት። ሌላዋም ሴት ከሆነች ምንም አይደለም። ወንድ ከሆነ ግን፣ ከብት ላይ መንታ ሲሆኑ ማህጸን ውስጥ ደማቸው ይገናኛል። የወንዱ ሴቷን ያበላሻታል። መካን ትሆናለች።»

«ሁልጊዜ?»

«አብዛኛውን ጊዜ።»

«አብዛኛውን ማለት ምን ያህል?»

«ጋሼ፣ ዜና አታድርገዋ! አትወልድም፣ አትታለብም ማለት ነው። ያቺ ላም ዘሯ አለቀ ማለት ነው።»

ጥቂት ነዳች። ከዚያ መኪናውን አዞረችው።

ባለላሟ ሁሉንም ቆማ ሰማች። ሽማግሌው አጥሩ ላይ አልነበሩም። ዶክተሯ ስትጨርስ ባለላሟ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለአባባ ነግራችኋቸዋል?»

«አልነገርናቸውም።»

«እንዳትነግሯቸው። ባሌ ሲሞት መቃብሩን የቆፈሩልኝ እሳቸው ናቸው። ስንቱን ክረምት ቤቴን ያደሱልኝ እሳቸው ናቸው። አሁን አደራ በላሁ ብለው ከምድር ይገባሉ። የነገርሻቸው እንደሆነ ዶክተር፣ ካንቺ ጋር አበቃሁ።»

«ወንድ ባይሆንስ?» አለች ዶክተሯ።

«እሱን አላህ ያውቃል። እሳቸው ግን ምንም አይወቁ።»

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። አዘጋጁ በየጊዜው ይደውላል። «ላሟ ገና ናት?» «ገና ናት።» «ሌላ የደረሰች ላም የለችም?» «የለችም።» በዚህ መካከል ሌላ ዙር ሽል በመብራት መጥፋት ተበላሸ። ዶክተሯ አንድ ነገር ለወጠች። ገበሬ ላሜ ፈለገች ብሎ ሲደውልላት ሰዓቱን ከመጠየቋ በፊት «ኮርማ አግኝቷታል?» ትላለች። አንዱ ተቆጥቷት «ለምን ያገኛታል፣ እኔ የተነገረኝን የማልሰማ ሰው ነኝ?» ሲላት ሰምቻለሁ። ይቅርታ ጠየቀችው። በሚቀጥለው ሰው ላይ ጥያቄውን ደገመችው።

ላሟ የወለደችው ሰኔ ላይ ነው። መኪናዋ ጭቃ ስለያዛት የመጨረሻዋን መንገድ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግራችን ሄድን። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ቀዩ ጥጃ ቆሞ እየጠባ ነው፤ ወፍራም ወንድ ነው። ከጎኑ ቀጭኗ ቡሬ ሴት ጥጃ እግሮቿን ለማዘዝ ትታገላለች። ግንባሯ ላይ ያለው ነጭ፣ የእናቷ ምልክት ነው፤ የእንቁላሏ ባለቤት የሆነችውን የሞተችውን ማለቴ ነው።

ሽማግሌው ከሁሉም በላይ ደስ ብሏቸዋል። የቡሬዋን ነገር ከሰፈሩ ወሬ ሰምተዋል።

«አንድ ስትጠብቁ ሁለት! ቀዩ የኔ፣ ቡሬዋ የዶክተሯ። ሁለታችንም ሠርተናል፣ አይደለም ዶክተር?»

«ሠርተናል አባባ።»

«እንግዲህ ይቺ ስትወልድ እንገሯን ሳልቀምስ አልሞትም።»

«ኢንሻአላህ» አለች ባለላሟ። ፈገግታዋ ሙሉ ነበር። ሥራዬ ሰው ሲዋሽ ማየት ነው፤ ነገሩን ባላውቅ ኖሮ የሷን ውሸት አላይባትም ነበር።

እርግጡን ለማወቅ ዶክተሯ ጥጃዋ እስክትጠና ጠበቀች። ጫፉ ለስላሳ የሆነ የብርጭቆ ዘንግ ዘይት ቀብታ በጥጃዋ ብልት በኩል በቀስታ አስገባች። ደህና በሆነች ጥጃ ላይ ዘንጉ ርቆ ይሄዳል። ይሄኛው ገና ከመግባቱ ቆመ። ዶክተሯ ዘንጉን በጨርቅ ጠረገችና የላሟን የተሰበረ እግር የዳሰሰች ጊዜ እንዳደረገችው ራሷን ነቀነቀች። ባለላሟም ያን ጊዜ እንዳለችው «እሺ» አለች።

ለአዘጋጁ እንደሆነው ነገርኩት። የላብራቶሪ ጥጃ ተወልዳለች፤ መንታ ናት፤ መካን ናት።

«መካን የምትለውን ብንተዋትስ?» አለኝ።

«አንተዋትም።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ዜና ነው?»

ዜናው አልወጣም።

በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ጎራ እል ነበር። ጊደሯ አደገች፤ ከወንድሟ በልጣ ረዘመች፤ ቆዳዋ አበራ። ነጋዴዎች አጥሩ ላይ እየቆሙ ሽጪልን ይላሉ። ባለላሟ አትሸጥም። ለወተት ብላ ብትሸጥ ገዢውን ማታለል ነው። ለሥጋ ብትሸጥ ደግሞ ሽማግሌው በአጥሩ ላይ ያያሉ። እሳቸው በየጠዋቱ እቅፍ ሣር ይዘው ይመጣሉ። አንድ ቀን «አሁንስ ኮርማ መፈለጊያዋ አልደረሰም?» ሲሏት ሰማሁ። «ትዘገያለች አሉኝ አባባ። የፈረንጅ ነገር» አለቻቸው። «እውነት ነው» አሉ። «የፈረንጅ ነገር ይዘገያል።»

ሽማግሌው ባለፈው ክረምት ተኝተው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። በሰደቃቸው ቀን ዶክተሯና እኔ አብረን ሄድን። ዳሱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ስለ ጊደሯ ነበር። ባለላሟ በጠዋት ራሷ ጎትታ አምጥታ ለሰደቃው ሰጥታታለች።

«እንዲህ ያለችውን ጊደር?» ይላል ከጎኔ ያለው ሰው። «ወተቷን ሳትቀምስ? ራሷን ታማለች እንዴ?»

«በሬ ይበቃን ነበር እኮ» ይላል የሽማግሌው ወንድም ልጅ፣ ባለኮርማው። «ነገርኳት፣ እህቴ በሬ አለን አልኳት። አልሰማም አለች። የእሳቸው አደራ ነበረች፣ መለስኩ አለችኝ።»

«ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል?»

ባለላሟ ወጥ የያዘ ሳህን እያዞረች እኛ ጋ ደረሰች። ወደ እኔ ጎንበስ ብላ «አሁን መጻፍ ትችላለህ ጋሼ። ስም ግን አትጥራ» አለችኝ። ለዶክተሯ ከሥጋው ጨመረችላት። ዶክተሯ በላች።

ልንሄድ ስንነሳ ያ ሥጋ ቆራጭ ከዳሱ ጀርባ ቢላዋውን እየጠረገ ብቅ አለ። ክንዱ እስከ ክርኑ ደም ነው።

«ዶክተር! ዛሬስ ፔርሙስሽን ረሳሽ እንዴ?»

«ዛሬ አያስፈልግም» አለችውና ጫማዋን ፈልጋ አደረገች።